የጎረቤት ክኒን

«ክቡራን የመንደራችን ነዋሪዎች! ታላቅ ማስታወቂያ! ለኪምቺ ጎመን መዘፍዘፊያ የሚሆን ጨው መጥቷል!» ሲሉ ሊቀመንበራችን ጋሽ ፒዮ በድምፅ ማጉያ አወጁ።

ጨው ልንወስድ ተሰብስበን ሳለ እትዬ ናም ደረታቸውን ይዘው ጆንያ ላይ ቁጭ አሉ። የልባቸው ግልቢያ አንገታቸው ላይ ይታይ ነበር። ጋሽ ፒዮ በስስ የወርቅ ልባጥ የተጠቀለለ የባህል የድንጋጤ ክኒን አጎረሷቸው። ጎረቤታቸው ቶክሱን ደግሞ ከሟች ባሏ የተረፈ ነጭ ክኒን ጨመረችላቸው። ሁላችንም አየን፤ እኔም አይቻለሁ።

የጤና ጣቢያችን ነርስ ሲስተር ቦንግ ጨው ልትወስድ መጥታ ደረሰች። ትርታቸውን ቆጠረችና አምቡላንስ ጠራች።

«ምን ሰጣችኋቸው?»

«ውሃ» አሉ ጋሽ ፒዮ።

በመንደሩ ሚኒባስ ተከትለን ሆስፒታል ገባን። ሐኪሙ የልባቸውን ምት በማሽን አነሳ።

«በደቂቃ መቶ ዘጠና ነው። በመርፌ እመልሰዋለሁ፤ ግን መድኃኒቱ ልብን ለጥቂት ሴኮንድ ዝም ያሰኛል። አስም አለባቸው? ሌላ መድኃኒትስ ወስደዋል?»

«አስም የለባቸውም። ክኒን ደግሞ እኛ የሰለጠንን ሰዎች ነን፤ አንቀባበልም» አሉ ጋሽ ፒዮ።

ሲስተር ቦንግ በሩ ላይ ቆመች። «ጋሽ ፒዮ፣ አክብሮቴ እንደተጠበቀ፣ ዋሹ። ከንፈራቸው ላይ ወርቅ አለ።»

«አንቺ ልጅ! ሳትወለጂ ጀምሮ ስውጠው የኖርኩት ነው። ሞትኩ?»

«እርስዎማ አልሞቱም፤ ተራው የእትዬ ናም ነው። ከፈለጉ ከመንደር ያባርሩኝ! እውነቱን ሳይናገሩ ግን ከዚህ በር ንቅንቅ አልልም።»

የተማረ ሰው ሲደፍር እንዲህ ነው፤ ድምፁን እንኳ ከፍ አያደርግም። ጋሽ ፒዮ ጫማቸውን አዩ።

«ነጭም አለ» አሉ ቀስ ብለው።

ቶክሱን ከካልሲዋ ውስጥ ማሸጊያውን አወጣች። ሐኪሙ አነበበው። «የደም ማቅጠኛ ነው። ይሄ የመርፌውን ጉልበት ያበዛዋል። መጠኑን በብዙ እቀንሳለሁ።»

ልብ መቀስቀሻው ማሽን አጠገባቸው ተዘጋጀ። መርፌው በፍጥነት ገባ። ስክሪኑ ላይ ያለው መስመር ተጋደመ። ከዚያ ልባቸው በእርጋታ መራመድ ጀመረች።

«ጨዬን ማን ወሰደው?» አሉ እትዬ ናም።

ጋሽ ፒዮ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወገኖቼ! ተሳስቼ ነበር። ከእንግዲህ ልብ ሲጋልብ አምቡላንስ ይጠራል፤ የተዋጠው ሁሉ ሳይደበቅ ይነገራል። የሰው ክኒን አይዋጥም! እርግጥ ከመካከላችን የሰው ክኒን የያዘ የለም።»

«የለም!» ብለን ማልን።

«ደስ ይላል» አለች ሲስተር ቦንግ። «ምናልባት የያዘ ካለ ይቆይ፤ አይቼ እነግረዋለሁ። ያልያዘ ይሂድ፤ ሚኒባሱ እየጠበቀ ነው።»

ሹፌሩ ሁለቴ ጥሩምባ ነፋ። ከዚያ ባዶውን ሄደ።