ምሳሌው ላይ የተጻፈው በረራ

ረፋድ ላይ፣ አዲስ አበባ፣ አንዲት ጠባብ የሶፍትዌር ቢሮ፤ እልፍነሽ የበረራ ማንቂያ ለሚፈልግ የኮምፒውተር ረዳት መመሪያ ስትጽፍ፣ የታናሽ እህቷ የጥሩዓለም ባል ጓንጉል ገብቶ በሩን ቆልፏል፤ ስልኳን ቀምቶ ኪሱ ውስጥ ከትቶ፣ ሽጉጡን ደረቷ ላይ ደቅኗል።

ጓንጉል፦ ማሽኑን ጠይቂልኝ አልኩሽ እንጂ አስተምሪኝ አላልኩሽም።

እልፍነሽ፦ መጀመሪያ ይህን ብረት ከደረቴ አንሳው። እጄ እንቢ አለኝ።

ጓንጉል፦ እጅሽ እንቢ ካለ እኔ እሺ አሰኘዋለሁ። በፋሲካ ገበታ ላይ ምን አልሽ? «ይህ ማሽን ስም ከነገሩት የማንንም በረራ ያገኛል» አላልሽም?

እልፍነሽ፦ የማንንም አላልኩም። ሰው «በረራዬ ሲነሳ፣ ሲዘገይ ንገሩኝ» ብሎ ያስመዘገበውን ማንቂያ ነው የሚፈልገው። እኔ ደግሞ ይህን ፈልግ፣ ይህን መልስ፣ እዚህ ላይ አፍህን ያዝ እያልኩ እጽፍለታለሁ።

ጓንጉል፦ አንቺም አፍሽን ያዢና ፈልጊ። ሚስቴ ዛሬ ትበራለች።

እልፍነሽ፦ ማን ነገረህ?

ጓንጉል፦ ሻንጣ የሸጠላት ባለሱቅ። ወዴት እንደሆነ ስጠይቀው ግን አላውቅም አለ። አሁን የሚያውቀው ግንባር ሲፈነከት ምን ያህል እንደሚደማ ነው።

እልፍነሽ፦ ስንት ዓመት ከአንድ ትሪ ጎርሰናል፣ ጓንጉል። ሽማግሌ ልከን ታረቅ አልንህ፤ ሽማግሌዎቹ ገና ደጃፍህን ሳይሻገሩ ደግመህ ደበደብካት።

ጓንጉል፦ የባልና የሚስት ጉዳይ ነው።

እልፍነሽ፦ ያወለቅከውን ጥርሷን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬዋለሁ፤ ይኸው፣ ፈትተህ እየው። ጉዳዩ ይህ ነው? «የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» ይላሉ፤ የኛስ ባሉ ራሱ ጅቡ ሆኖ ተገኘ።

ጓንጉል፦ እህትሽን አህያ አልሻት።

እልፍነሽ፦ አንተን ተሸክማ ከኖረች ምን ልበላት ታዲያ።

ጓንጉል፦ ቀልደኛ ነሽ፣ እትዬ። ይህቺ ትንሿ ጣትሽ ናት?

እልፍነሽ፦ ተው ጓንጉል። ተው፣ በናትህ ተው... ወይኔ፣ ሰበርካት።

ጓንጉል፦ ጎረቤቷም ተራዋን እየጠበቀች ነው።

እልፍነሽ፦ እሺ። እሺ፣ ራስህ ጠይቀው። እዚህ ጋ ተጫንና ስሟን ከነአባቷ ንገረው።

ጓንጉል፦ የጥሩዓለም ካሳዬን በረራ ፈልግ... ይኸው ጻፈ። «ጥሩዓለም ካሳዬ፤ ወደ ድሬዳዋ፤ ከሰዓት በኋላ፤ በር ስምንት።» ለዚህ ነው ጣት የከፈልሽበት?

እልፍነሽ፦ ምን ልታደርጋት ነው?

ጓንጉል፦ አውሮፕላን ማረፊያው ደጃፍ ላይ ከመኪና ስትወርድ ጠብቄ እዚያው እደፋታለሁ። ሰው ሁሉ እያየ።

እልፍነሽ፦ ከሰዓት በኋላ ከሆነ ገና ነው። ተቀመጥ፣ እንነጋገር። ጣቴንም በነጠላዬ ልሰረው።

ጓንጉል፦ እሰሪው። እኔ እኮ ባንቺ አልጨክንም፤ አታድርሺኝ ነው። ለመሆኑ ድሬዳዋ ማን አላት?

እልፍነሽ፦ እኔ እንጃ።

ጓንጉል፦ ለነገሩ ማንም ቢኖራት አትደርስም... ቆይ። እዚህ መመሪያሽ ላይ፣ ወረድ ብሎ ያለው ምንድነው? «ምሳሌ፦ እገሊት፤ ወደ ድሬዳዋ፤ ከሰዓት በኋላ፤ በር ስምንት።»

እልፍነሽ፦ ከራሴ ፈጥሬ የጻፍኩት ነው።

ጓንጉል፦ አንድ ናቸው እኮ።

እልፍነሽ፦ አንድ ናቸው። ይህ ማሽን ፈልጎ ሲያጣ «አላገኘሁም» ለማለት ያፍራል መሰለኝ፤ የሰጡትን ስም ምሳሌው ላይ ሰክቶ እንደ እውነት ይጽፋል። ዛሬ ያንን ላርም ቁጭ እንዳልኩ ነው አንተ የገባኸው።

ጓንጉል፦ አታለልሽኝ።

እልፍነሽ፦ አንተው ጠየቅኸው፣ አንተው አመንከው። እኔ ጣቴን ይዤ ዝም አልኩ እንጂ ምን ተነፈስኩ?

ጓንጉል፦ ትበር የለ? ታዲያ ለምን አጣት?

እልፍነሽ፦ ማንቂያው በሷ ስም ስላልተመዘገበ ነዋ።

ጓንጉል፦ በማን ስም ነው? ተናገሪ፣ ጥይት ጎርሷል።

እልፍነሽ፦ ኪስህ ውስጥ የሚንቀጠቀጠውን እየው።

ጓንጉል፦ ስልክሽ ነው። «ወይዘሮ እልፍነሽ ካሳዬ፣ ማንቂያ ያስመዘገቡለት በረራ አሁን ተነስቷል።»

እልፍነሽ፦ ተመስገን።

ጓንጉል፦ ወዴት ነው? ወዴት ነው የሄደችው? ስሚ፣ እተኩሳለሁ።

እልፍነሽ፦ ተኩስ እንግዲህ፣ ወንድሜ። እኔን የሚያመልጠኝ አውሮፕላን የለም።