አያ ፍሬው እና ሁለት ካርድ የሚቀበለው ካሜራ

አያ ፍሬው በዚያ ማለዳ መካነ ኢየሱስ የገቡት ማረሻቸውን ለማሠራት እንጂ ከሰው ጋር ለመከራከር አልነበረም። በመናኸሪያው በር ሲያልፉ ግን የሟች ወንድማቸው የእሸቱ ልጅ እድላዊት ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ የደብረ ታቦር አውቶቡስ ስትጠብቅ አገኟት። ገንዘብ እንደያዘች ከአተቃቀፏ ገባቸው።

«እንዴት አደርሽ ልጄ? ወዴት ነው በጠዋቱ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፤ እርስዎስ እንዴት አደሩ አያ? ደብረ ታቦር ልሄድ ነው፤ ካሜራ ልገዛ።»

አያ ፍሬው ወደ እሷ ቀረብ አሉ። እሸቱ ለልጁ የተወላትን ሁለት ወይፈኖች በቅርቡ ገበያ አውጥተው የሸጡላት እሳቸው ነበሩ። «ንግድ ልጀምርበት ነው» ስትላቸው ዘይትና ሳሙና የሚደረደርበት ሱቅ መስሏቸው እሺ አሉ። እድላዊት ግን ትምህርቷን ከጨረሰች ወዲህ ከተማ ውስጥ ጠባብ ክፍል ተከራይታ፣ በስልኳ የመታወቂያ ፎቶ እያነሳች ነበር የምትተዳደረው። አሁን ያ ሁሉ የወንድማቸው ድካም በአንድ እጅ የሚንጠለጠል ዕቃ ሊሆን ነው።

«ሳሙና ባይሸጥልሽ ሳሙና ሆኖ ይቆይሻል» አሏት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይህ ወድቆ ቢሰበር ምን ይቀርሻል? ዘመኑንም ታውቂዋለሽ። ካሜራ የያዘ ሰው፣ ማን ነህ፣ ምን ልታነሳ ነው ይባላል። አንድ ነገር ብትሆኚ ለአባትሽ አጥንት ምን እመልሳለሁ?»

«እውነትዎን ነው አያ፤ እኔም እፈራለሁ። ሌሊቱን ስገላበጥ ነው ያደርኩት።»

«ታዲያ ከፈራሽ ምን አስኬደሽ?»

«ስልኩ ለመታወቂያ ይበቃል፤ ለሠርግና ለክርስትና ግን አይሆንም። ድንኳን ውስጥ ይጨልምበታል፤ ሰው ሲንቀሳቀስም ያደበዝዘዋል። ሰዎች እየመጡ ሠርጋችንን አንሺልን ሲሉኝ አልችልም ብዬ እመልሳለሁ፤ እነሱም ከሩቅ ከተማ ያስመጣሉ። ሥራው ደጄ ድረስ መጥቶ ይመለሳል።»

የሥራው ነገር ለአያ ፍሬው ገባቸው። የሚያስፈራቸው ግን የመንገዱ ነገር ብቻ አልነበረም። የበኩር ልጃቸው ጥላዬ ሲዳር የመጣው ፎቶ አንሺ ቀኑን ሙሉ ሲያነሳ ውሎ፣ በሳምንቱ «ፎቶው የተቀመጠበት ካርድ ተበላሸ» ብሎ ባዶ እጁን ተመለሰ። ብዙም ሳይቆይ እሸቱ ታሞ ሞተ። ከሙሽራው ጎን ቆሞ ሲስቅ የተነሳው ነበር ብቸኛው ፎቶው። ከዚያ ወዲህ አያ ፍሬው ካሜራ ባዩ ቁጥር ፊታቸውን ያዞራሉ።

«ያ ዕቃ ወንድሜን ውጦ ቀረ» አሉ። «አንቺም የሰው ወንድም ታስውጫለሽ። ማን ይቅር ይልሻል?»

የእድላዊት ዓይን እንባ አቀረረ። «እኔም አባቴን ነው ያጣሁት አያ። ስለዚህም ያገኘሁትን ካሜራ ሁሉ አልገዛም። ሌንሱ የሚቀያየር፣ ሁለት ካርድ በአንድ ጊዜ የሚቀበል ዓይነት አለ። እያንዳንዱ ፎቶ ሁለቱም ካርድ ላይ ይቀመጣል፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይተርፋል። የምፈልገው እሱን ነው።»

አያ ፍሬው ማረሻቸውን ለሚያውቁት ባለ ሻይ ቤት አደራ ሰጡና አብረዋት ተሳፈሩ። ስላመኗት አልነበረም፤ ብቻዋን መስደዱ ከሁሉ ስላስፈራቸው ነው። መንገዱን ሁሉ ቦርሳዋን የተመለከተ መንገደኛ ሌባ እየመሰላቸው ሄዱ።

ደብረ ታቦር ደርሰው አንድ የካሜራ ሱቅ ገቡ። ባለ ሱቁ ገና ከካርቶኑ ያልወጣ፣ የሚያብረቀርቅ ካሜራ አወጣላቸው። «አዲስ ነው። ቦርሳና ማቆሚያ እመርቅላችኋለሁ። ግን ቶሎ ወስኑ፤ የሚፈልገው ሰው እየመጣ ነው።»

«አዲሱ አይሻልም?» አሉ አያ ፍሬው በሹክሹክታ። «ያገለገለ ዕቃ የሰው በሽታ ይዞ ይመጣል።»

«ይህ አንድ ካርድ ብቻ ነው የሚቀበለው፤ አብሮት ያለው ሌንስም ብርሃን ብዙ አያስገባም። በዚሁ ዋጋ ያገለገለ ግን ጠንካራ ካሜራና ለድንኳን የሚሆን ሌንስ እናገኛለን። በሽታውንም እንፈትሻለን። እርስዎ ወይፈን ሲገዙ ጥርሱን ሳያዩ፣ ሳያስኬዱ ይገዛሉ?»

ባለ ሱቁ ያገለገለውን ቅር እያለው አወረደ። እድላዊት ይዛ የመጣቻቸውን ሁለት ካርዶች ከትታ አነሳችበት። አንደኛው ካርድ ሠራ፤ ሁለተኛውን ግን ካሜራው አላነበበውም። ካርዶቹን አቀያይራ ከተተች፤ ሁለተኛው ቦታ እንደዚያው ነው።

«ሁለተኛውን የካርድ ቦታ ማንም አይጠቀምበትም» አለ ባለ ሱቁ።

«እኔ የመጣሁት ለእሱ ነው» አለችና ካሜራውን በዝግታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። መልሳም አላነሳችውም፤ ፈራ ተባ እያለች «ሁለቱም የሚሠራለት ሌላ የለም?» ስትል ጠየቀች።

ፈርቶ ዝም የሚልና ፈርቶ የሚጠይቅ ሰው አንድ አይደሉም። ያቺ ልጅ ፍርሃቷን ይዛ ጠየቀች፤ ባለ ሱቁም ከጓዳ ሌላ አመጣ። እስከዚያ ቀን ምን ያህል ፎቶ እንደተነሳበት አጣራች። ነጩን ግድግዳ አንስታ ካሜራው ውስጥ እድፍ እንዳለ መረመረች፤ ጨለማውንም ጥግ አነሳች። ከዚያ አያ ፍሬውን አነሳችና አንዱን ካርድ ነቅላ መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው።

«አሁን ይህ ጠፋ እንበል። እዚህ ይመልከቱ።»

አያ ፍሬው ጎንበስ ብለው አዩ። ካርዱ በእጃቸው ነው፤ ፊታቸው ግን የግንባራቸው ሽብሽብ ሳይቀር ካሜራው ውስጥ አለ። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ያን ጊዜ እንዲህ ያለ ቢኖር...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም። «ግዢው ልጄ» አሉ።

የካሜራው መለያ ቁጥር የተጻፈበትን ደረሰኝ ተቀብለው ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። መንገዱ መካከል ላይ የታጠቁ ፈታሾች አውቶቡሱን አስቁመው መንገደኛውን አወረዱ። አንዱ የእድላዊትን ቦርሳ ከፍቶ ካሜራውን አወጣ።

«የማን ነው? ምን ልታነሱበት ነው?»

እድላዊት ወደ አያ ፍሬው ዞረች። ጠዋት የፈሩት ነገር በፊታቸው ቆሟል።

«የእኛ ነው ልጄ» አሉ አንድ እርምጃ ቀርበው። «የወንድሜ ልጅ ናት። ሠርግና ክርስትና ልታነሳ ዛሬ ገዛን። ያልፈቀደላትን ሰው አታነሳም። እዚህ አገር ሰው ይዳራል፣ ይወልዳል፣ ይሞታል፤ ልጆቹ መልኩን የሚያዩበት ነገር አይተርፋቸውም። እሷ ታስተርፍላቸዋለች።»

ሰውየው ምስሎቹን አገላበጠ። ነጭ ግድግዳ፣ ጨለማ ጥግ፣ የፈራ ሽማግሌ። ደረሰኙን አየ፤ አያ ፍሬውንም አየ። ከዚያ ካሜራውን መልሶ ለእድላዊት ሰጣት። «ሂዱ» አለ።

መቀመጫቸው ላይ ሲመለሱ እድላዊት ካሜራውን ቦርሳዋ ውስጥ አስገባች። «ይህን ሁሉ ከየት አመጡት አያ?» አለቻቸው ቀስ ብላ።

«ከአንቺው ነው እንጂ ከየት አመጣለሁ?»

እድላዊት ወዲያው ሠርግ አልተቀበለችም፤ እጇ እስኪላመድ የጎረቤት ሕፃናትን እያነሳች ተማረች። በጥር ግን ከራሷ ወረዳ ከእስቴ አልፎ ከጎረቤቱ ከስማዳም ይጠሯት ጀመር። ሙሽራ ከሩቅ ከተማ ባለሙያ ከማስመጣት ዳነ፤ ሠርጉ ባለቀ በሳምንቱ ፎቶው እጁ ይገባል። የእሸቱን መልክ የሚመልስ ባይኖርም፣ የሌላው ሰው አባት ግን እንደ እሱ ጠፍቶ አልቀረም።

አያ ፍሬውን ፍርሃታቸው አልለቀቃቸውም። ራቅ ያለ ሠርግ ስትጠራ አብረዋት ይሄዳሉ። የጋይንት ደጋ ብርድ ባትሪ ቶሎ እንደሚጨርስ ነግራቸዋለችና፣ ትርፉን ባትሪ ጋቢያቸው ሥር ብብታቸው ውስጥ ይዘው ከድንኳኑ ጥግ ይቀመጣሉ። ዘወር ብላ እጇን ስትዘረጋም የሞቀውን ያቀብሏታል።