ጣራው ላይ የማን ጥርስ ነው ያለው?

እስቲ ሳትስቁ ስሙኝ። ካዛንቺስ የልጅና የአዛውንት ጥርስ እናጠናለን የሚሉ ወጣቶች መጡና፣ የልጅ ልጄን የወለቀ ጥርስ ጠየቁን። ልጅት አለቀሰች። ጣራ ላይ ካልተወረወረ አዲሱ አይበቅልማ። የእኔም አንዱ በዚያው ሰሞን ወልቆ ነበርና፣ «አይዞሽ፣ የእኔን እሰጥልሻለሁ» ብዬ የሷን ጣራ ላይ ወረወርኩላት። ያውም ያለ መነጽር። የእኔን ደግሞ በሶፍት ጠቅልዬ ወሰድኩላቸው።

የሚያጠናው ልጅ ሶፍቱን ፈታና፣ «እማማ፣ እንዴት የምታምር የወተት ጥርስ ናት» አይለኝም!

ልጅት ቀሚሴን ሳብ አደረገችና፣ «እቴቴ፣ ታዲያ ጣራው ላይ ያለው የማን ነው?» አለችኝ።

ይኸው ጠዋት ጠዋት አፋችንን ከፍተን መስታወት ፊት እንቆማለን። የሷ ትናንት ብቅ አለላት። እኔ ግን ግራ ገብቶኛል፤ ድዴን እያሳከከኝ ነው።