በሆስፒታሉ በር ላይ የተሰቀለው ሰሌዳ

ልጆቼ፣ ይህን የሰማሁት ከዘራዬ ተሰንጥቆ ላስጠግነው አናጢው ጎረቤቴ ዘንድ ጎራ ያልኩ ዕለት ነው። አናጢው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ሬዲዮ እንኳ አይከፍትም። እሷ እያለች ያ ቤት ሳቅ አያጣም ነበር። ስሟን የጠየቃትን ሰው እስከ ቅድመ አያቷ ሳትቆጥርለት አትለቀውም፤ በዚህም እንቀልድባት ነበር።

"ይቀመጡ አባባ" ብሎ የበርጩማውን ፍቅፋቂ በእጁ ሲጠርግልኝ አንዲት ነርስ ገባች። የሟች ሚስቱ የእህት ልጅ ናት።

"ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ሥራ ይዤልዎት መጣሁ።"

"ይሁን እስቲ፣ ምንድን ነው?"

"ሆስፒታላችን የጥራት ማረጋገጫ አግኝቷል። ይህንን ለሕዝብ የሚያስታውቅ ሰሌዳ ይሥሩልን፤ በሩ ላይ የሚሰቀል።"

መላጊያውን አስቀመጠ። "ጥራት ነው ያልሽው? አክስትሽ የሞተችበት ሆስፒታል?"

ነገሩን ላስረዳችሁ። በዚያ ሆስፒታል በሽተኛ የሚጠራው በአልጋው ቁጥር ነበር፤ ስም የሚጠይቅ አልነበረም። ሟቿ የመስኮቱ አጠገብ አልጋ ደርሷት ሳለ፣ ጎኗ የተኛችው ሴት ትንፋሽ ሲያጥራት አይታ "አየሩ ላንቺ ይሻላል" ብላ አልጋ ተቀያየረቻት። ለነርሶቹ የነገረ የለም። ተረኛዋም ቁጥሩን ብቻ አይታ የሴትዮዋን መርፌ እሷን ወጋቻት። ሰውነቷ አልቻለውም፤ በዚያው ዕለት አረፈች።

"ትራሷን ያዛወርኩላት እኔ ነኝ" አለ አናጢው። "አሁን ደግሞ የምትመጻደቁበትን እንጨት ልላግላችሁ?"

"መመጻደቅ አይደለም፣ ጋሼ።"

"ታዲያ ገበያ መጥሪያ ነዋ። ሳሙና ሻጩም እኮ የኔን የሚያህል የለም ይላል።"

ነርሷ ፈገግ አለች፤ ዓይኗ ግን እንባ አቅርሮ ነበር።

"ለሳሙና ሻጩ የሚመሰክርለት የገዛ አፉ ነው። እኛን የመረመሩን ከውጭ የመጡ ሰዎች ናቸው። አሁን በሽተኛው መድኃኒት ከመቀበሉ በፊት ስሙን በራሱ አንደበት ይናገራል፤ ያም እጁ ላይ ከታሰረው ስም ጋር ይመሳከራል። ይህን ሥርዓት ያመጣው የአክስቴ ሞት ነው። መርማሪዎቹ ሳይነግሩን ተመልሰው ይመጣሉ፤ ካጓደልን ማረጋገጫውን ይነጥቁናል።"

"ደግ አደረጋችሁ። ግን ዝም ብላችሁ አትሠሩም? ማስለፈፉ ምን ይባላል?"

እኔም ጣልቃ ገባሁ። "ልጄ፣ በኛ ጊዜ ራሱን የሚያወድስ ሰው ይታፈርበት ነበር።"

"አባባ፣ ወረቀቱ አለቃችን ቢሮ ቢሰቀል የሚያየው አለቃችን ብቻ ነው። በሽተኛው ምን ሊደረግለት እንደሚገባ ካልተነገረው በምን አውቆ ይጠይቃል? ‘ስሜን ሳትጠይቂኝ አትወጊኝም’ ማለት እንደሚቻል ለአክስቴ ማን ነገራት? እኛም ሰው ነን፤ ይደክመናል፤ እንዘነጋለን። ያኔ የሚያስታውሰን በሽተኛው ነው።"

አናጢው ጣውላውን በእጁ ይዳብስ ጀመር። እኔም ሐሳቤን ለወጥኩ። ለካ እንዲህ ያለውን ነገር መደበቅ ትሕትና አይደለም።

"ምንድን ነው የሚጻፍበት?" አላት በመጨረሻ።

"ማረጋገጫ ማግኘታችን ነዋ።"

"እሱ ከሥር ይሁን። ከላይ በትልቁ፣ ስምዎን ሳይጠይቅ መድኃኒት የሚሰጥዎ ቢኖር አይቀበሉ፣ ይባል። እንዲህ ከሆነ እሠራለሁ።"

አለቆቿን አነጋግራ እሺታቸውን ይዛ ተመለሰች። እሱም ሠራው፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚመጣ ሰው አንገቱን ሳያቀና እንዲያነበው ዝቅ አድርጎ ሰቀለው።

ዛሬ ማንበብ የማይችል ሰው ሰልፍ ላይ አጠገቡ የቆመውን "ምን ይላል?" ብሎ ያስነብባል። ቀድሞ ሆስፒታሉን ፈርቶ ቤቱ ተኝቶ ሕመሙ ይጠናበት የነበረ ሰው አሁን በጊዜ ይሄዳል። ነርሶቹም ሲጠየቁ አይቆጡም። ልጆቼ፣ እናንተም ስትታመሙ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም።

በቅርቡ እኔም ታምሜ አናጢው ደግፎ ወሰደኝ። መርፌ የያዘችው ልጅ አጎንብሳ "አባባ፣ ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ" አለችኝ። ነገርኳት፤ እጄ ላይ ካለው ጋር አመሳከረችው።

አናጢው ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"እሷን ቢጠይቋት ኖሮ" አለኝ ቀስ ብሎ፣ "እስከ ቅድመ አያቷ ትነግራቸው ነበር።"