ዋንዛውን የተከሉትና የቆረጡት የአቶ ይርጋ ሲሳይ ዜና ሕይወት

የተከበራችሁ ካህናት አባቶች፣ ከሮቢት፣ ከጎብዬና ከዋጃ ድረስ በዚህ ሙቀት የመጣችሁ ለቀስተኞች፣ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወገን፤ ሟቹ አቶ ይርጋ ሲሳይ ሕመሙ በጠናባቸው ሰሞን ልጆቻቸውንና የሥራ ባልደረባቸውን አቶ መህዲን አልጋቸው አጠገብ አስቀምጠው፣ ዜና ሕይወታቸው ሲነበብ በመናፈሻው ያደረጉት ነገር ሳይቀነስና ሳይለዝብ እንዲነገር አደራ ብለዋል። ይህ የሙገሳ እንጂ የንስሐ ቦታ አይደለም፣ ንስሐውን ለነፍስ አባትዎ ተናግረዋል ይበቃል ተብለው በሽማግሌ ቢለመኑም፣ እሳቸው እምቢ ካሉ እምቢ ነበሩ። የሙት አደራ ከሙት ጋር አይቀበርምና እነሆ እንደ ቃላቸው ይነበባል።

አቶ ይርጋ ከአባታቸው ከአቶ ሲሳይ ገብሬና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሙሉ አያሌው በ1966 ዓ.ም. ከሮቢት ዝቅ ብሎ በጎሊና ወንዝ ዳር ተወለዱ። አባታቸው እንደ ራያ ገበሬ ሁሉ ከተራራው የሚወርደውን ጎርፍ እየጠለፉ ማሽላ የሚያበቅሉ፣ በራሳቸው ማሳ ላይ ደመና ባያዩ እንኳ ከላይ ከደጋው ዘንቦ ይደርስልኛል ብለው ተስፋ ሳይቆርጡ የሚያድሩ ሰው ነበሩ። በ1977 ዓ.ም. ግን ሰማዩም ተራራውም በአንድነት ነፈጉ። አቶ ሲሳይ በዚያው ዓመት ሞቱና ወይዘሮ ሙሉ የአሥራ አንድ ዓመት ልጃቸውን እየጎተቱ፣ እህል ይታደላል ወደተባለበት ወደ ቆቦ መንገድ ወጡ። በዚያ ሜዳ ላይ ለሰው ቀርቶ ለወፍ የሚበቃ ጥላ አልነበረም። እናቲቱ ነጠላቸውን በልጃቸው ራስ ላይ ዘርግተው፣ ራሳቸው ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ተራቸውን ሲጠብቁ፣ ቀትር ላይ በተቀመጡበት አረፉ። ሕፃኑ ይርጋም እናታቸው ያንቀላፉ መስሏቸው ነጠላውን እንደ ያዙ ተራ ጠበቁ። በኋላ ዘመናቸው ይህን ሲያወሩ፣ እናቴን የገደላት ረኃብ ብቻ አይደለም፣ ፀሐይዋም አለችበት ይሉ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ በሕይወታቸው አጥብቀው የተመኙት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በዚህ ቆላ መንገደኛ የሚያርፍበት ጥላ።

ቆቦ ይኖሩ የነበሩት አክስታቸው ወይዘሮ ብርነሽ ወስደው እንደ ልጃቸው አሳደጓቸው። ትምህርታቸውንም እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እዚያው ተምረው፣ በ1987 ዓ.ም. በከተማው የውሃ ሥራ የቆጣሪ አንባቢ ሆነው ተቀጠሩ። ቆጣሪ አንባቢ በየትም አገር ፊት የሚነሣው ሰው ቢሆንም፣ አቶ ይርጋ ረጅም፣ ሲራመዱ ወደ ፊት ዘንበል የሚሉ፣ ቀልድ የማይጠፋባቸው ሰው ነበሩና ቤተኛ አድርጎ የማይቀበላቸው ደጅ አልነበረም። በ1992 ዓ.ም. ከወይዘሮ አስረሳሽ ብርሃኑ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ብርቱካንንና አንዷለምን ወለዱ።

እንግዲህ ወደ መናፈሻው እንምጣ። በ2003 ዓ.ም. በሐምሌ ወር የመሥሪያ ቤታቸው ሠራተኞች፣ ከከተማው በስተ ምዕራብ ከተራራው ሥር ተራቁቶ የቀረውን ቦታ መናፈሻ እናደርገዋለን ብለው በበጎ ፈቃድ ተነሡ። ቅዳሜ ጠዋት ዶማና አካፋ ይዘው ወጡ፤ ተከላው እንደ ሠርግ ደምቆ ዋለ፣ ጭፈራም ነበረበት፣ ፎቶም ተነሡ። በመስከረም ተመልሰው ቢያዩት ግን ከችግኙ የተረፈ የለም። አቶ ይርጋ አንዱን ነቅለው ሲመለከቱ ሥሩ በጥቁሩ ፕላስቲክ እንደ ተጠቀለለ አገኙት፤ ለካስ በጥድፊያው ሁሉም ከነፕላስቲኩ ቀብረውት ኖሯል። ከዚያ ወዲያ በየክረምቱ ከተካዩ ኋላ ኋላ እየዞሩ፣ ሰው ከነጫማው አይተኛም፣ ችግኝም ከነፕላስቲኩ አይተከልም እያሉ የሚያስወልቁት እሳቸው ነበሩ። ሌላው ተክሎ ሲበተን፣ እሳቸውና የውሃ ቦቴው ሾፌር አቶ መህዲ በጋውን ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ በጀሪካን ውሃ ሲያመላልሱ ከረሙ። ወይዘሮ አስረሳሽም ባላቸውን የሚፈልግ ሰው ሲመጣ፣ ጣውንቴ ዘንድ ሄዷል እያሉ ጎረቤቱን ያስቁ ነበር። ጣውንት ያሉት አቶ ይርጋ በገዛ እጃቸው የተከሉትን ዋንዛ ነው።

ዋንዛው አደገ፤ ዙሪያውን ግራሩም ኒሙም አደጉ። ከተራራው የሚወርዱ ገበያተኞች ሸክማቸውን አሳርፈው ትንፋሽ የሚወስዱበት፣ ተማሪዎች ለፈተና የሚያጠኑበት፣ ሙሽሮች ፎቶ የሚነሡበት ቦታ ሆነ። አቶ ይርጋ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይሄዱና፣ ከዛፉ ራቅ ብለው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ከሥሩ ያረፈውን ሰው ያዩ ነበር። ምነው ጥላው ውስጥ አይገቡም ሲባሉ፣ ቦታው ለእንግዳ ነው ይሉ ነበር። በዕድሜያቸው ጠግበው ያዩት ደስታ ቢኖር ይኸው ነው።

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ቆቦ ደረሰ። መብራት ጠፋ፣ ስልክ ተቋረጠ፣ ባንክ ተዘጋ፣ የውሃው ሞተር ቆመ፤ ከሰልና ማገዶ የሚገባበት መንገድም ተዘግቶ፣ ዱቄት ያለው ሰው እንኳ የሚያበስልበት ጭራሮ አጣ። ያን ጊዜ የከተማው ዓይን ሁሉ ወደ መናፈሻው ዞረ። አቶ ይርጋና አቶ መህዲ ማንም ሳያዛቸው ጥበቃ ገቡ፤ ከአጥሩ በር ላይ ተቀምጠው እየዋሉ የመጣውን ሁሉ በልመናም በቁጣም መለሱ። ከመጡት አንዷ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ኡሙሃኒ ሲሆኑ፣ የፈለጉትም ለልጆቻቸው ንፍሮ የሚቀቅሉባትን አንዲት ቅርንጫፍ ብቻ ነበር። አቶ ይርጋ መጥረቢያውን ከእጃቸው ቀምተው ባዶ እጃቸውን ሰደዷቸው። ወይዘሮ ኡሙሃኒ አልተሳደቡም፣ አልተራገሙም፤ እሺ ጋሽ ይርጋ ብለው ሻሻቸውን አስተካክለው ተመለሱ። መጥረቢያው አቶ ይርጋ ቤት ከበር ጀርባ ተቀመጠ።

ጥቂት ሳምንታት እንደ ቆየ ወይዘሮ አስረሳሽ ታመሙ። ከተማው የሚጠጣው የወንዝ ውሃ ነበርና ብዙ ሰው በተቅማጥና በትኩሳት የወደቀበት ጊዜ ነው። መድኃኒት አልተገኘም፤ የሰፈሩ ነርስም ያልፈላ ውሃ በአፋቸው እንዳይዞር ከማስጠንቀቅ ሌላ ሊያደርጉ የሚችሉት አልነበራቸውም። አቶ ይርጋ ውሃ ለማፍላት በርጩማውን አነደዱ፣ የአልጋውን ርብራብ አነደዱ፣ የጓዳውን በር ነቅለው አነደዱ። የሚነድ ነገር ባለቀ ቀን፣ ከበር ጀርባ የወይዘሮ ኡሙሃኒን መጥረቢያ አንሥተው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያያቸው ወደ መናፈሻው ወጡ። አቶ መህዲ ሊከለክሏቸው ብድግ ብለው ነበር፤ ፊታቸውን ሲያዩ ተመልሰው ተቀመጡ። አቶ ይርጋ ቅርንጫፍ መልምለው መመለስ ሲችሉ ከግንዱ ጀመሩ። ዋንዛው ሲወድቅ አቶ መህዲ መጥተው እኩል ተሸከሙላቸው።

እርጥብ እንጨት ነበርና አልነድ አለ። ቤቱን ጢስ ሞላው እንጂ ውሃው አልፈላም። ወይዘሮ አስረሳሽ ጢሱ ሲሸታቸው ዓይናቸውን ገልጠው፣ "ጣውንቴን ቤት አስገባሃት?" አሉ። በማግስቱ አረፉ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ምንኛ መልካም ነበር። አቶ ይርጋ ዋንዛውን ሲጥሉ ያየ ሰው ሁሉ፣ ጠባቂው ከቆረጠ እኛን ማን ይከለክለናል አለ። የወይዘሮ አስረሳሽ ሣልስት ሳይወጣ ግራሩም ኒሙም ተጨፍጭፎ አለቀ። ከቆረጡት ውስጥ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ቤቱ የሚጠብቀው ልጅ ያለው ሰው ነው። አቶ ይርጋ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ መናፈሻውን ያጠፋሁት እኔ ነኝ ብለው አመኑ፤ ከዚህ እምነታቸው የሚያናውጣቸው ካህንም ሽማግሌም አልተገኘም።

ሰላም ሲሆን መጥረቢያውን ይዘው ወይዘሮ ኡሙሃኒ ደጅ ቆሙ። ይቅርታ ሊሉ ሄደው ማልቀስ ጀመሩ። ወይዘሮ ኡሙሃኒም፣ "አብሽሩ ጋሽ ይርጋ፣ እንጨት እንደሁ ይበቅላል፤ ሰው ነው የማይበቅል" ብለው መጥረቢያቸውን ተቀበሏቸው። አቶ ይርጋ ይህችን ቃል እንደ ተስፋ ይዘው በየቅዳሜው የዋንዛውን ጉቶ ውሃ ማጠጣት ጀመሩ። ባልደረቦቻቸውም በየሐምሌው እንደገና ተከሉ፤ ከቀድሞዎቹ ገሚሱ ሞቶ ገሚሱ ተሰድዶ ነበርና በዚያ ተከላ ጭፈራ አልነበረም። አንዱን ዓመት ዝናቡ ቀረ፤ ሌላውን ዓመት ጎርፍ ሆኖ መጥቶ ችግኙን ከነአፈሩ ጠርጎ ወሰደው። ከቀሩት ጉቶዎች አልፎ አልፎ ያቆጠቆጠውን ፍየል ጨረሰው። አቶ ይርጋ ፕላስቲኩን ማስወለቅም፣ ጉቶውን ማጠጣትም አልተዉም። ነገር ግን ሰውም አልተመለሰ፣ እንጨቱም አልበቀለም።

በ2016 ዓ.ም. የኩላሊት ሕመም አደረባቸው፤ ደሴ ድረስ ተወስደው ቢታከሙም ሊሻላቸው አልቻለም። በዚያው ሐምሌ፣ በእግራቸው መቆም ሲያቅታቸው፣ አቶ መህዲ በመኪና መናፈሻው ድረስ ወሰዷቸው። ከመኪናው ሳይወርዱ ያን ራቁት ተዳፋት ተመልክተው፣ ወደ ቤት እንዲመልሷቸው ጠየቁ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ቅዳሜ አንሥተው አያውቁም። ባልደረቦቻቸው በስማቸው ችግኝ ሊተክሉ መምከራቸውን በሰሙ ጊዜም፣ የሚያጠጣው ከሌለ ስሜን ፀሐይ ላይ አታውጡት ብለው ከልክለዋል። ይህም ከአደራቸው አንዱ ነውና እንድታከብሩላቸው ቤተሰቡ ይለምናል። በተወለዱ በሃምሳ አንድ ዓመታቸው፣ ሚያዝያ 2017 ዓ.ም.፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

አቶ ይርጋ ልጃቸውን ብርቱካንን፣ ልጃቸውን አንዷለምን፣ እንደ እናት ያሳደጓቸውን አክስታቸውን ወይዘሮ ብርነሽን፣ በክፉም በደጉም ያልተለዩዋቸውን አቶ መህዲን፣ አሁንም በመካከላችን እያለቀሱ ያሉትን ወይዘሮ ኡሙሃኒን፣ ከተራራው ሥርም አንድ ደረቅ ጉቶ ትተው ሄደዋል። ይህን ስንሰማ ሁላችንም ፀሐይ ላይ ቆመናል፤ ከዚህ እስከ ተራራው ድረስ ሟቹን የምናሳርፍበት ጥላ የለንም። ስለዚህ በቀትር ሙቀት በአብርሃም ደጅ፣ በዛፉ ሥር በእንግድነት ያረፈ አምላክ፣ የአገልጋዩን የይርጋን ነፍስ ከእናታቸውና ከባለቤታቸው ጋር በዚያው ጥላ ያሳርፍልን። እሳቸው ቦታው ለእንግዳ ነው ብለው በዚህ ዓለም ከጥላው ገብተው አልተቀመጡም፤ ዛሬ እንግዳው እሳቸው ናቸው።