ከምንጩ ሥር የተገኘው መንጋጋ

ሄሎ... ሄሎ፣ ማን ልበል? — እትዬ! አንቺ ነሽ እንዴ? — ደህና ነኝ። ሥራ ላይ ነኝ፣ ለአንድ አባት ሰው ሠራሽ ጥርስ እየሞረድኩ... ቆይ፣ አልሰማሁሽም። (ሞተሩን ለአፍታ አጥፊልኝ፣ እህቴ ናት።) አዎ፣ ቀጥዪ።

— ለድንጋይሽ መፈልቀቂያ የሰጠሁሽ መርፌ ተሰበረ? — ታዲያ ምን ሆንሽ? — አሃ፣ አዲስ ቅሪተ አካል ጀመርሽ። ጡረታ የወጣ ሰው ሁሉ ጎረቤቱን ሲያማ ይውላል፣ የኔ እህት ድንጋይ ትቦርሻለች። — አልሳቅኩም። እሺ፣ ትንሽ ስቄያለሁ።

— አትውጊው፤ አፈሩን ጎን ጎኑን ፈልቅቂ። አልለቅ ካለ ጥጥ ኮምጣጤ ውስጥ ነክረሽ... — አደረግሽው። አረፋ አወጣ? — ኖራ ነዋ። ቶሎ በውሃ እጠቢው፣ አጥንቱንም ይበላዋል።

— መንጋጋ? — የፍየል ይሆናላ። ከየት አመጣሽው? — ከምንጩ በታች... ዝናቡ ገደሉን ከሸረሸረበት? ብቻሽን ወረድሽ? — እሺ፣ አልቆጣም። ግን የጥንት ነው ብለሽ እንዳትሞኚ። የዚያ ምንጭ ውሃ ኖራ ነው፤ ቅጠል ብትጥዪበት በጥቂት ዓመት ድንጋይ ያለብሰዋል።

— ምኑ ነው የሚያብረቀርቀው? — ጥርሱ ላይ... ማዕድን ይሆናል። — ቆብ? ምን ዓይነት የጥርስ ቆብ? — የብረት...

ሄሎ? እትዬ፣ ትሰሚኛለሽ? — ብሩሹን አስቀምጪው። እየቦረሽሽ ነው፣ ይሰማኛል። አስቀምጪው።

— በየት በኩል ነው? — ግራ፣ ታች። ከኋላ ሁለተኛው... — ጫፉን በጥፍርሽ ዳብሺው። ቀስ ብለሽ። — ጎድጎድ ይላል...

(አባባ፣ ትንሽ ይታገሱኝ። — የለም፣ ደህና ነኝ። ያን ወንበር ብቻ አቀብዪኝ።)

አለሁ። አለሁ፣ እትዬ። — አዎ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ። ጠርሙስ በጥርሱ እየከፈተ አጎደጎደው፤ ልቀይርልህ ስለው ለመክፈቻ ይመቸኛል ብሎኝ እየሳቀ ወጣ። — ታውቂያለሽ። ገና ሳትደውዪ ታውቂ ነበር? — ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?

— ከሠራው ሰው አፍ ለመስማት። እሺ... ባልሽ ነው፣ እትዬ። ጋሼ ነው።

— አዎ። አገር ምድሩ ሌላ ሴት አግኝቶ ኮበለለ እያለ ስሙን ሲያነሳና ሲጥል፣ እሱ ገደሉ ተንዶበት እዚያው ነበር። — እዚያው፣ አዎ። ውሃ ለመቅዳት በምትወርጂበት መንገድ ሥር። — አልቅሺ፣ ምን አለበት። — አታለቅሺም? — ምን አልሽኝ? ደስ... ደስ ብሎሻል።

— ገባኝ። ጥሎሽ አልሄደም።

— አሁን ምንም አትንኪ። ለፖሊስ እነግራለሁ፣ የቀረውን እነሱ ይፈልጉ። — ጠረጴዛው ላይ ይቆይ፣ ምን ቸገረሽ? — ሸፈንሽው? በምን? — በራሱ ሹራብ... እትዬ፣ ያን ሹራብ እኮ አቃጠልኩት ብለሽን ነበር። ሁላችን ፊት ነው የማልሽው። — ሣጥኑ ታች? ይህን ሁሉ ዓመት?

— ምን? — እንዴት ይበርደዋል፣ እትዬ... ስሚኝ፣ እሱ እኮ...

— እሺ። እሺ፣ ደህና አድርገሽ ሸፍኚው። መጣሁ።