ጀምበር የማትጠልቅበት ባሕር

— ሄሎ?... ማን ልበል?... ኑርሁሴን! ወአለይኩም ሰላም ወረህመቱላህ፣ የኔ አባት... ምነው ድምፅህ ሰለለ? ከጉድጓድ ውስጥ የምታወራ ነው የሚመስለው... ሁሪያ፣ ራዲዮኑን ዝጊው፣ ወንድምሽ ነው፣ ከመርከቡ።

— እኔ እናትህማ ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ። የኔን ተወው። አንተ ፆሙን እንዴት ይዞሃል?... ምን?... አላፈጠርክም? ከትናንት ወዲያ ጀምሮ?... ውሃም? ያ ረቢ!

— እየሰማሁህ ነው፣ ቀጥል... ቆይ ሁሪያ፣ እነግርሻለሁ... ወደ ሰሜን ከዘለቁ ወዲህ ጀምበር ጠልቃ አታውቅም ይላል። ሌሊቱንም እንደተገተረች ነው የምታድረው። ይኸው ወንድምሽ እሷ ትጥለቅ ብሎ ሲጠብቅ እህል ውሃ በአፉ ሳይዞር ሁለት ቀኑ።

— ሄሎ፣ አለሁ... እና በዚህ ጉልበትህ ሥራ ወጣህ?... በጎማ ጀልባ?... ኧረ በስመአብ እንዳልል እስላም ነኝ!... ስሚ ሁሪያ፣ ዛሬ ጠዋት ቱሪስት ጭኖ የበረዶ ተራራ ሊያሳይ ወጣልሽ። እንደ አምባሰል ገደል ቀጥ ያለ ነው፣ ግን ከላይ እስከ ታች በረዶ ነው ይላል። ሰዎቹ ፎቶ ሲያነሱ አንዱ ጎኑ ተገምሶ ባሕሩ ውስጥ ወደቀ። ማዕበሉ ጀልባዋን ሲያነሳት እሱ ዓይኑ ጨለመበትና መሪውን ለቀቀ። አንዲት ፈረንጅ አሮጊት ናት ጃኬቱን ይዛ ከባሕር ያስቀረችው... ዕድሜዋን ያርዝመው፣ ምን እላለሁ።

— ካፒቴኑ ነው ስልኩን የሰጠህ?... ስለ ፆሙ ቤተሰብህን አማክር አለህ? ደግ ሰው ነው... ከእራት በኋላ ደግሞ ትወጣለህ? በዚያችው ጀልባ?... አይሆንም! ዙሪያህ በረዶ፣ ከታችህ ባሕር፣ አንተ በጥም ልትሞት! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት አንተ ነህ።

— ሸህ አብዱልሐሊም ስትሄድ ምን አሉህ? ሙሳፊር ነህ፣ መንገደኛ፤ ካቃተህ አፍጥር፣ ኋላ በሌላ ቀን ፆመህ ቀዷውን ታወጣለህ አላሉህም?... እና?... ነዝር? የምን ስለት?... ሄሎ? ይሄ ኔትወርክ እንደ ከተማችን እንደ መርሳ መብራት ሄድ መጣ ይላል... አዎ፣ አሁን ሰማሁህ... ለኔ?

— አለሁ፣ አልተቋረጠም። ወልድያ ሆስፒታል የተኛሁ ጊዜ?... እናቴን ካስነሳህልኝ ረመዳንን አንዲት ቀን ሳላጎድል፣ ጀምበር ሳትጠልቅ ሳልቀምስ... እንዲህ ብለህ ነው የተሳልከው? ለምን አልነገርከኝም?... አዎ እያለቀስኩ ነው፣ ምን ላድርግ! አላህ እኔን ያስነሳኝ በምትኬ አንተን ሊወስድ ነው? አንተን ባሕር ውጦህ እኔ በየትኛው ዓይኔ ነው ይህን ቤት የማየው?

— ቆይ... ቆይ እስኪ። ሁሪያ፣ በሩን ክፈቺው! ስልኩን ወደ ውጭ ልይዝልህ ነው፣ ጆሮህን ስጠኝ... ሰማህ? አዛን ነው። የመርሳ ጀምበር ጠለቀች። የተወለድክባት ጀምበር ናት፣ ስትሳልም ያየችህ እሷው ናት። በሷ አፍጥር፣ ልጄ።

— ...ያንተዋ ቆማለች? ትቁማ!... አይሆንም አትበለኝ፣ እለምንሃለሁ... ኑርዬ፣ ባጠባሁህ ጡት ይሁንብህ...

— እንግዲያው ስማኝ። ሐኪሙ ውሃ ካላበዛሽ የኩላሊት ሕመምሽ ይመለስብሻል ብሎኛል። ወላሂ፣ አንተ ስትጠጣ በጆሮዬ ሳልሰማ እኔም ጠብታ አልቀምስም!... አትጩህብኝ። ያንተ ነዝር ነዝር ሆኖ የኔ መሐላ ጨዋታ ነው?... አታልቅስ... ውሃ አለ አጠገብህ?... አንሳዋ። ያዝካት?... ቢስሚላህ በል... በል ስትውጥ ልስማህ...

— ኑርሁሴን?... ሄሎ?... ሄሎ፣ ትሰማኛለህ?...

— ተቋረጠ።

— ...አዎ፣ ቢስሚላህ ብሏል፣ እሱን ሰምቻለሁ... ሲጠጣ ግን አልሰማሁም... አይ ሁሪያ፣ እኔን አታባብዪኝ። ያን የውሃ ብርጭቆ ከፊቴ አንሺልኝ።